አንድ ገንዳ ውስጥ አብረው የሚያድጉ የአምባዛ ጫጩቶች ለምን ይጎድላሉ?

የልማት ሠራተኞችና የዓሣ አርቢ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል አንዱ ደጋግሞ ይመጣል። ይኸውም «የተረከብነው የአምባዛ ጫጩት ከገንዳው ውስጥ እየጎደለ ነው፤ የሞተ ግን አናይም፤ ምን ይሻላል?» የሚል ነው። ስለ ቆሮሶ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያቀርብልን ሰው ጥቂት ነው። ቆሮሶ ሲሞት ሬሳው ይንሳፈፋል፤ አርቢውም ያየዋል፤ ለቅሞም ይቆጥረዋል። አምባዛ ግን ብዙውን ጊዜ ሬሳ ሳይተው ነው የሚጎድለው። በዚህ ጽሑፍ የጉድለቱን ምክንያትና መከላከያውን እንገልጻለን። አስቀድመን ግን በአንድ ማኅበር ዘንድ ያጋጠመንን እናውሳ፤ በዚያ የተበላው ዓሣ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰው ስምም ሊጠፋ ነበርና።

ማኅበሩ በስምጥ ሸለቆ የሚገኝ ሲሆን በሲሚንቶ የተሠራ አንድ ገንዳ አለው። ጫጩቶቹን ያስረከብነው እኛው ነን። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ አባላቱ መረብ አስገብተው ቢቆጥሩ ግማሹ እንኳ አልተገኘም። ገንዳው አልተሰነጠቀም፤ የውኃ መውጫው ወንፊት አልተቀደደም፤ ወፍ እንዳይደርስበትም በላዩ መረብ ተዘርግቷል። የሞተ ዓሣ ለቅሜ ጣልሁ የሚል ሰውም አልተገኘም። እንግዲህ ጥርጣሬው በማን ላይ እንደሚወድቅ መገመት አያዳግትም። ገንዳውን ሌሊት የሚጠብቁት አንድ አዛውንት ናቸው። የወር ደመወዛቸው እንዲያዝ ተወሰነ።

ሊቀ መንበሩ በትሕትና «አባባ፣ ሌሊት የሚመጣ ሰው ካለ ይንገሩን፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ዓሣ በልቼም አላውቅ፤ ጣት የማታህል ዓሣ ሰርቄ ለማን ልሸጣት ነው?» ብለው መለሱለት። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነበር፤ መልስ የሰጣቸው ግን አልነበረም። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነገሩ ስላልተዋጠለት ወደ እኛ ጻፈ፤ እኛም ሄደን አንድ ሌሊት ከገንዳው ዳር አደርን።

አምባዛ በሌሊት የሚንቀሳቀስና ምግቡን በጢሞቹ እየዳሰሰ የሚፈልግ ዓሣ ነው። የእጅ ባትሪያችንን በጨርቅ ሸፍነን በውኃው ላይ ስናበራ፣ ከሌሎቹ እጥፍ የሚሆን አንድ ጫጩት የትንሹን ጅራት ነክሶ ሲያንገላታ አየን። ጠዋት የገንዳውን ወለል በቱቦ ስንስብ ከዝቃጩ ጋር የአተር ፍሬ የሚያካክሉ የዓሣ ራሶች ወጡ። ከራስ በቀር ሌላ አካል የላቸውም። ቀጥሎም ሆዱ የተነፋውን አንዱን ትልቅ አውጥተን ብንቀደው ወንድሙ ከነጢሙ በሆዱ ውስጥ ተገኘ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ተመለከቱና «ሌባውስ ይኸውና!» አሉ። የተያዘው ደመወዛቸው በዚያው ቀን ተከፈላቸው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ የዓሣው ብቻ አልነበረም። ጫጩቶቹን ስናስረክብ ፀሐይ ሳይበረታ ለመድረስ ቸኩለን ስለ ነበር ትልቁንና ትንሹን ሳንለይ በአንድ ከረጢት አድርገን ነበር የወሰድናቸው። ማኅበሩም የተቀበለውን እንዳለ ገንዳው ውስጥ ገለበጠው። ችግሩ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በዝርዝር ማወቅ ይጠቅማል። የአንዲት እናት አምባዛ እንቁላሎች በአንድ ቀን ይፈለፈላሉ፤ ዕድገታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ገና ከመጀመሪያው አንዳንዶቹ ፈጥነው መብላት ይጀምራሉ፤ ቀድሞ የበላው ይገዝፋል፤ የገዘፈው ደግሞ ምግቡን ይሻማል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንድ ቀን ልጆች መካከል አንዱ የሌላውን እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት እስኪፈጠር ድረስ ጫጩቶቹ እርስ በርስ ቢነካከሱም ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ልዩነቱ ከሰፋ በኋላ ግን ትልቁ ትንሹን እንደ ምግብ ያየዋል።

አበላሉም ሁለት ዓይነት ነው፤ የልማት ሠራተኛው ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ጫጩቶቹ ትንንሽ ሳሉ፣ ማለትም ርዝመታቸው ወደ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ፣ አጥቂው ከጅራት ይጀምራል። አፉ ራሱን ለመዋጥ ስለማይበቃው ገላውን በልቶ ራሱን ይተወዋል። በገንዳው ወለል ላይ ወይም በመውጫው ወንፊት ላይ ራሶች ከታዩ፣ ወይም ጅራታቸው የተቆረጠ ሕያዋን ጫጩቶች ሲዋኙ ከተገኙ፣ ምልክቱ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጠን ልዩነቱ ሲሰፋ ትልቁ ትንሹን ከራሱ በኩል ይዞ እንዳለ ይውጠዋል። በዚህ ጊዜ የሚቀር ነገር የለም። ውኃው ንጹሕ ነው፤ ሬሳ የለም፤ የቀሩት ዓሦች ደልበው ይታያሉ፤ አርቢውም ሁሉ ነገር የተሳካለት ይመስለዋል። የሚነቃው ሲቆጥር ብቻ ነው።

የተነከሰው ሁሉ የሚበላ እንዳይመስል። ብዙዎቹ ያመልጣሉ፤ ነገር ግን አምባዛ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ስለሆነ ቆዳው ሲቆስል ቁስሉን ሻጋታ ይይዘዋል፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገርም ይበቅልበታል። እንዲህ ሆኖ የሞተው በበሽታ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ አርቢውም መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። መድኃኒቱ ግን ዓሣውን መለየት ነበር።

ይህ ጠባይ የአምባዛ ብቻ አይደለም። በሜክሲኮ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የሶቺሚልኮ የውኃ ቦዮች ውስጥ አክሶሎትል የተባለ፣ አራት እግር ያለውና በስንጥቡ የሚተነፍስ የሳላማንደር ወገን አለ። ይህ እንስሳ በ1864 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ፓሪስ ተወስዶ ከተራባ ወዲህ በብዙ አገሮች ቤተ ሙከራዎችና በየሰዉ ቤት በመስተዋት ገንዳ ይረባል። ከአንድ በላይ አክሶሎትል በአንድ ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች የሚቸገሩት ልክ እንደኛ አምባዛ አርቢዎች ነው። ግልገሎቹ እጅግ ሆዳሞች ናቸው፤ በአፋቸው አጠገብ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ይነክሳሉ፤ የወንድማቸውንም እግር ይቆርጣሉ። የሚያደርጉትም መከላከያ እኛ ከምንመክረው የተለየ አይደለም፤ እኩያን ከእኩያ ጋር ያኖራሉ፤ ቦታ ያሰፋሉ፤ አዘውትረው ያበላሉ፤ መጠለያ ያበጃሉ፤ ካልሆነም ለየብቻ ያሳድጋሉ። ነገር ግን አክሶሎትል አንድ ዕድል አለው፤ የተቆረጠ እግሩን መልሶ ያበቅላል። አምባዛ ይህ ዕድል የለውም። ጅራቱን ያጣ የአምባዛ ጫጩት ለገበያ አይደርስም።

እንግዲህ ወደ መከላከያው እንምጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ጫጩቶቹን በመጠን መለየት ነው። ጫጩቶቹ የጣት ርዝመት እስኪኖራቸው ድረስ በየሳምንቱ፣ ቢበዛ በየ10 ቀኑ መለየት ይገባል። ብዙ ማኅበራት አንድ ጊዜ ከለዩ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። እኩል የነበሩት ግን ከአሥር ቀን በኋላ እኩል አይሆኑም፤ ከትንንሾቹም መካከል አዲስ ቀዳሚ ይወጣል።

ለዚህ ሥራ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልግም። ጎኖቹ ከሳንቃ የተሠሩ፣ ወለሉ ግን በእኩል ርቀት በተደረደሩ ለስላሳ ቀጫጭን ዘንጎች የተሠራ ሣጥን ይበቃል። ዘንጎቹ የተላጠ ቀርከሃ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ማስገቢያ የፕላስቲክ ቱቦ ሊሆኑ ይችላሉ። የአምባዛ አካል ሰፊው ክፍል ራሱ ስለሆነ፣ ራሱ በዘንጎቹ መካከል ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል። ስለዚህ በዘንጎቹ መካከል የሚኖረው ክፍተት የሚለካው በዓሣው ርዝመት ሳይሆን በራሱ ስፋት ነው። መካከለኛ መጠን ያላቸውን ጥቂት ጫጩቶች አውጥቶ የራሳቸውን ስፋት በማስመሪያ ለክቶ ክፍተቱን በዚያው ልክ ማድረግ ነው። ሣጥኑ ውኃ ውስጥ በግማሽ ተነክሮ ጫጩቶቹ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመሩበታል፤ ትንንሾቹ በራሳቸው ሾልከው ይወርዳሉ፤ ትልልቆቹ ይቀራሉ። ሣጥኑን ማንገጫገጭ ቆዳቸውን ስለሚልጥ አይመከርም። የዘንጎቹ ጫፍም ሻካራ እንዳይሆን በእጅ እየዳበሱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሣጥን ለማሠራት ጊዜ የሌለው ማኅበር በእጅ ሊለይ ይችላል። ሥራው አድካሚ ነው እንጂ አይከብድም። ቀድመው የገዘፉት ብዙ ስላልሆኑ እነሱን ብቻ እየለቀሙ ማውጣት ከጉዳቱ አብዛኛውን ያስቀራል። በዚህ ጊዜ የሚረዳ አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ የትልቁ አፍ የትንሹን ራስ የሚያስገባ ከሆነ ሁለቱ አብረው ማደር የለባቸውም። የዓሣው የጎን ክንፍ እሾህ ስላለው እጅ እንዳይወጋ ጥንቃቄ ይደረግ።

መለየቱ በማለዳ፣ በጥላ ሥር ይከናወን። እጅም ሆነ መረብ እርጥብ መሆን አለበት። ከመለየቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓቶች ምግብ ባይሰጥ ውኃው አይቆሽሽም፤ እንደ ተለዩ ግን ሳይዘገይ ማብላት ያስፈልጋል፤ የተራበና የተረበሸ አምባዛ ይነክሳልና። በሥራው የተጫጫሩት እንዳይሻግቱ በ1 ሊትር ውኃ ከ2 እስከ 3 ግራም የምግብ ጨው ሟሙቶ ጫጩቶቹ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆዩበት ጥሩ ነው። ለ100 ሊትር በርሜል ከ200 እስከ 300 ግራም ጨው ማለት ነው። ጨው በዓይን ግምት መጨመር አይገባም፤ በሚዛን ይለካ።

ከመለየት ቀጥሎ ምግብ ነው። ማታ አንድ ጊዜ ብዙ ምግብ በትኖ መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው። ከተበተነው የሚበሉት ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ የተረፈው ወለል ላይ ይበሰብሳል፤ ትንንሾቹ ተርበው ያድራሉ፤ ልዩነቱም ይሰፋል። ያው ምግብ ተከፋፍሎ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ፣ በአንድ ጥግ ሳይሆን በገንዳው በሙሉ ተበትኖ ቢሰጥ ሁሉም ይደርሳቸዋል። የመጨረሻው ከመሸ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ አምባዛ ሌሊት ሲርበው ነው ጎረቤቱን የሚፈልገው። በዚህ ረገድ ከዘበኛው የተሻለ ረዳት አይገኝም። የጫጩት ምግብ ከ40 እስከ 45 በመቶ ፕሮቲን ያለው መሆን ይኖርበታል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ብቻውን ለትልቅ ቆሮሶ ይበቃ ይሆናል፤ ለአምባዛ ጫጩት ግን አይበቃም። የዓሣ ዱቄት ወይም ከቄራ የሚገኝ የደረቀ ደም ሊቀላቀልበት ይገባል። የምግቡም ፍሬ በትንሹ ጫጩት አፍ ልክ ይፈጭ። ፍሬው ከተለቀ ትልልቆቹን ብቻ ይመግባል፤ ይህ ደግሞ ችግሩን በራስ እጅ መፍጠር ነው።

ሦስተኛው ጨለማና መጠለያ ነው። ብርሃን የበዛበት ገንዳ ውስጥ አምባዛ ይጨነቃል፤ ይጣላልም። የገንዳው አብዛኛው ክፍል በጆንያ፣ በሰሌን ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ይሸፈን። በወለሉ ላይ አጫጭር የቀርከሃ ቁራጮች፣ የሸክላ ስባሪ ወይም ያረጀ መረብ ቢደረግ የተባረረው የሚሸሸግበት ያገኛል። ሆኖም ወለሉን ማጽዳት እንዲያመች የገባው ሁሉ በቀላሉ የሚወጣ ይሁን። ድንጋይ መከመር አያስፈልግም፤ ጠዋት ወለሉን የምንስበው ለንጽሕና ብቻ ሳይሆን ራስና ጅራት መኖሩን ለማየትም ነው።

ስለ ብዛት የሚነሳ አንድ አስተያየት አለ። «ዓሦቹ የተባሉት ስለ ተጨናነቁ ነው፤ ግማሹን ብናወጣ ይበርዳሉ» ይባላል። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ጫጩት ከመጠን በላይ ሲበዛ ውኃው እንደሚበላሽና ምግብም ለሁሉም እንደማይዳረስ የታወቀ ነው። ነገር ግን በወጣት አምባዛ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ዓሦቹ በጣም ሲሳሱ እያንዳንዱ የራሱን ክልል ይዞ የቀረበውን ያባርራል፤ በርከት ሲሉ ግን እንደ መንጋ አብረው ይውላሉ። ስለዚህ የመጠን ልዩነቱን ሳያስተካክሉ ቁጥሩን ብቻ መቀነስ ብዙም አይረዳም። እኛም ቀደም ሲል ለአንዳንድ ማኅበራት ጫጩት እንዲያሳሱ ብቻ መክረን ለውጥ ሳናይ ቀርተናል።

የውኃው ሙቀትም ሳይጠቀስ አይታለፍ። አምባዛ ደኅና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ውኃ ነው። በቆላና በስምጥ ሸለቆ ይህ ብዙ አያስቸግርም። በደጋ ግን ዕድገቱ ስለሚዘገይ ጫጩቶቹ እርስ በርስ በሚበላሉበት ዕድሜ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። የደጋ አርቢ መለየቱን ለብዙ ሳምንታት መቀጠል ይኖርበታል ማለት ነው።

ተለይተው የወጡት ትልልቆች ምን ይደረጉ? አንዳንድ አባላት «በላተኞች ናቸው» ብለው ሊጥሏቸው ይፈልጋሉ። ይህ ኪሳራ ነው። እነዚህ ከሁሉ ፈጥነው ያደጉ ዓሦች ናቸው፤ ከእኩዮቻቸው ጋር ለብቻቸው ከሆኑ ቀድመው ለገበያ ይደርሳሉ። ሌላም ጥቅም አላቸው። ማኅበሩ የቆሮሶ ኩሬ ካለው ቆሮሶ እንደሚታወቀው እየተራባ ኩሬውን በማያድጉ ትንንሽ ዓሦች ይሞላዋል። በዚያ ኩሬ ጥቂት አምባዛ ቢገባ የቆሮሶውን ጫጩት እየበላ ቁጥሩን ይቀንሳል፤ የቀሩት ቆሮሶዎችም ምግብ አግኝተው ይወፍራሉ። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ሲገባ አምባዛው በኩሬው ውስጥ ካሉት እናትና አባት ቆሮሶዎች ያነሰ መሆን አለበት። የበለጠ ከሆነ ልጆቹን ትቶ ወላጆቹን ይጀምራል።

መዝገብ መያዝ እንደ ትርፍ ሥራ የሚታይ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ግን ዳኛ ነው። አንድ ደብተር ላይ የተረከቡት፣ በየቀኑ ሞተው የተለቀሙትና በመለያው ቀን በቆጠራ የተገኙት ይመዝገቡ። ለምሳሌ 1,000 ጫጩት ገብቶ 60 ሬሳ ከተለቀመ 940 መገኘት አለበት። በቆጠራ 600 ብቻ ከተገኘ 340ው ያለ ሬሳ ጠፍቷል ማለት ነው። ያለ ሬሳ የጠፋው ብዙ ከሆነና ወንፊቱም ሆነ የወፍ መከላከያው ደኅና ከሆነ፣ በሰው ላይ ከመፍረድ በፊት በገንዳው ውስጥ ትልልቅ ዓሦች መኖራቸው ይታይ። አንድ በአንድ መቁጠር የሚያስቸግር ከሆነ 100 ጫጩት በጥንቃቄ ቆጥሮ በውኃ ባልዲ መመዘን፣ ከዚያም ጠቅላላውን መዝኖ ማካፈል ይቻላል። የባልዲውና የውኃው ክብደት አስቀድሞ እንዲቀነስ አይረሳ። ይህ አቆጣጠር የሚሠራው ለተለዩና እኩል ለሆኑ ጫጩቶች ነው፤ ትልቅና ትንሽ ከተቀላቀለ ያሳስታል።

ከላይ የጠቀስነው ማኅበር ዛሬ ሁለት የመለያ ሣጥኖች አሉት፤ ገንዳውንም በመረብ ከሦስት ከፍሎታል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኑን የሚይዙት እኚያው ዘበኛ ናቸው። ዓይናቸው ከእኛ ይልቅ ይለያል፤ «ይቺ ነገ በላተኛ ናት» ብለው የሚያወጧት ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉት ትሆናለች።

ጫጩት የሚረከቡ ማኅበራት ሁሉ ከዚህ በኋላ አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። ከረጢቱ ገንዳው ውስጥ ከመገልበጡ በፊት የልማት ሠራተኛው ባለበት ጥቂቱ በነጭ ሳህን ተቀድቶ ይታይ። ትልቅና ትንሽ ተቀላቅሎ ከተገኘ ጫጩቱ በጥላ ሥር፣ በሰፊ በርሜል ሆኖ እዚያው ይለይ፤ ያመጣው ሠራተኛም ለይቶ ሳይጨርስ መኪናውን እንዳያስነሳ። ሠራተኛው የእኛም ቢሆን።